ባለቤቴን ለቁልቋልዎ ስለ መረጡት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የበረሃ ዕፅዋት አትክልት ስፍራ ሥራ አስኪያጅ
በያሉበት፣ ይልቁንም ጥላ ባለበት

ጉዳዩ፦ በአንዲት ቁልቋል ምክንያት ስለ ደረሰብኝ ታላቅ ደስታ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኔ ከዓይኔ መድከምና ከቅናቴ በስተቀር ደህና ነኝ። እርስዎም፣ ሠራተኞችዎም፣ በመስታወት ቤቱ ውስጥ በየረድፋቸው የተደረደሩት ባለ እሾህና ባለ ወፍራም ቅጠል ነዋሪዎችዎም፣ በሙሉ ጤና፣ በበቂ ፀሐይና በልክ በተሰፈረ ውሃ እንደምትገኙ አልጠራጠርም፤ ምክንያቱም ይህንኑ ጠዋት ማታ የሚከታተለው ባለቤቴ ነው፤ እሱ ደግሞ እቤቱ ካልሆነ በስተቀር ከሥራው ምንም የሚያጓድል ሰው አይደለም።

የማያውቁኝ ከሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ሥር ልብስ የምሰፋ፣ ከሱቄ በስተጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች የምኖር ሴት ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣውና እናንተ ላለፉት አሥራ አራት ወራት «የእኛ ጋሼ» የምትሉት በጎ ፈቃደኛ ባለቤቴ ነው። በጎ ፈቃዱ ለእናንተ፣ የተረፈው ለእኔ መሆኑ ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የእርስዎው ደብዳቤ ነው። ባለፈው ሳምንት ዓርብ የእናንተ እሾህ የቀደደውን የባለቤቴን ጃኬት የውስጥ ኪስ ልጠግን ስል በአራት የታጠፈ ወረቀት እጄ ገባ። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ስለዚህ እንደ ሌባ ቆሜ ሳይሆን በወግ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቴ ከሚመጣው ወር መጀመሪያ አንስቶ እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ እየኖረ የመስታወት ቤቱን በቋሚነት እንዲንከባከብ፣ ለዚህም «ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ጸጥ ያለ ክፍል» እንደ ተሰናዳለት፣ ከተስማማ ከታች ባለው መስመር ላይ ፈርሞ እስከዚህ ሳምንት ዓርብ እንዲመልስ ይላል። ደብዳቤው ከተጻፈ ያን ጊዜ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። በስድስቱ ቀን ውስጥ ባለቤቴ ከእኔ ጋር ያደረገው ረጅሙ ንግግር «ጨው አቀብይኝ» የሚለው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ዓርብ ዕለት ብዕር ካነሳ ቤቴ ባዶ ይቀራል። ይህን ያህል ውለታ ለዋለልኝ መሥሪያ ቤት በዝምታ ማለፍ ስላልሆነልኝ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ። ደብዳቤው ግልጽ እንዲሆን የወደድኩትም ለዚሁ ነው፤ አንዱ ቅጂ በሱቄ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ ሁለተኛው በመግቢያ በራችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲውልልኝ እለምናለሁ። ባለቤቴ እንዲያነበው ከተፈለገ ግን ከቁልቋሏ ሥር ማኖር ይሻላል፤ ሌላ ቦታ ዓይኑን አይጥልም።

አንደኛ። ባለቤቴን ከቤት ስላወጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጡረታ በወጣ ማግስት ወንበሩን መስኮቱ ሥር ሳበና ከመናኸሪያው የሚወጡትን አውቶቡሶች መቁጠር ጀመረ፤ አንዱ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ በአፍንጫው እየተነፈሰ አምስት ወር ተቀመጠ። እጁን ይዛ ወደ እናንተ ያመጣችው ልጃችን ናት፤ «አባዬን ካላወጣነው ወንበሩ ላይ ሥር ሊሰድ ነው» ብላ። ይኸው ሥር ሰደደ፤ የሰደደው ግን እናንተ ዘንድ ነው። ቀድሞም ወሬኛ አልነበረም፤ ከእሱ አፍ ቃል የሚወጣው በወረንጦ ነው። ሲነዳ በነበረበት አውቶቡስ ላይ ከራሱ በላይ «ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ነበረ፤ የሥራ ጓደኞቹ ነቅለው ለማስታወሻ ሰጡትና ዛሬ ከምግብ ጠረጴዛችን በላይ ተሰቅሏል። ለጨዋታ ነው የሰቀልነው። እኔ ግን ሰሌዳው ሳይሰቀልም በፊት አክባሪው ነበርኩ፤ ሰውየው በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው፣ ለማንም አያወራም፣ እኔንም የበደለኝ ነገር የለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ኖሬያለሁ። ይህን እምነቴን ስላፈረሳችሁልኝ ወደ ሁለተኛው እሻገራለሁ።

ሁለተኛ። ደብዳቤውን ባገኘሁ ማግስት፣ ማለትም ባለፈው ቅዳሜ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ የደንበኛ ሰፊ ባርኔጣና የልጄን ጥቁር መነጽር አድርጌ ወደ አትክልት ስፍራችሁ መጣሁ። ትኬት የምትሸጠው ልጅ በጣም ጨዋ ናት። «የሦስት ሰዓቱን ይጠብቁ፣ የሚያስጎበኙት ጋሼ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ቢገቡ እሾህ ብቻ ነው አይተው የሚወጡት» አለችኝ። የገዛ ባሌን ወረፋ ይዤ ጠበቅሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ሸሚዙን ተኩሼ የሸኘሁትን ሰው ለማየት ከሃያ ሰው ኋላ ተሰልፌ ቆምኩ።

ስፍራው ውብ መሆኑን ለመካድ ሞክሬ አቅቶኛል። ነጩ ጠጠር፣ ከቤት ጣሪያ በላይ የቆሙት ባለ ሸንተረር ግንዶች፣ ድንጋይ መስለው ድንጋይ መሐል የተደበቁት፣ ቅጠላቸው የሕፃን ጣት ያከለው፣ እሬቶቹ ከነቀይ አበባቸው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ልቤ ክፉ ሐሳብ ይዞ ባይመጣ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ በዋልኩ። ባለቤቴ ከፊት እየሄደ፣ እጆቹን እያወናጨፈ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳያርፍ አወራ። አርባ ደቂቃ። ይህ በእኛ ቤት የአንድ ወር ቀለብ ነው። ይቀልዳል፣ ያስቃል፣ ከወዲያ የቆመችውን ሴት «ልጄ፣ ቀረብ በይ፣ አትናከስም» ይላል። አንዱ ጎብኚ አንድ ነገር ጠየቀውና ከት ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ አፉ ሲከፈት የኋላ መንጋጋ ጥርሱ እንደሌለ አየሁ። መቼ እንደ ነቀለው አላውቅም። አብሬው የምበላ ሴት የባሌን ጥርስ መጉደል ከሃያ ትኬት ገዢዎች ጋር እኩል አወቅሁ።

በመጨረሻ በመስታወት ቤቱ ጥግ ወደምትገኘው ወደ እሷ ወሰደን። ክብ ናት፣ ወፍራም ናት፣ ከወገብ የማትበልጥ፣ አናቷ ላይ ነጭ ጸጉር የሚመስል ነገር ያላት። መለያ ሰሌዳዋ ላይ ረጅም የሳይንስ ስም ተጽፏል፤ ባለቤቴ ግን «ይቺ እሜቴ ናት» አለ። እሜቴ። እኔን ሲጠራኝ «ስሚ» ነው የሚለኝ፤ ደስ ሲለው ደግሞ «ስሚማ»። «እሜቴ ውሃ አታበዛም፣ ግን ሰው ትወዳለች፤ ሁለት ቀን ከቀረሁባት ቅር ይላታል» አለ። ወደ ፀሐይ እያዘነበለች እንዳትጣመም በየቅዳሜው ማሰሮዋን ሩብ ያህል እንደሚያዞርላት፣ የከሰዓቱ ፀሐይ እንዳይጠብሳትም በገዛ እጁ የሰፋው የጨርቅ ጥላ እንደ ተዘረጋላት አስረዳ። በገዛ እጁ አልሰፋውም፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ «ለሥራ ነው» ብሎኝ ነው። እኔ ደግሞ የምሰፋበት ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ዘጠኝ ዓመት ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሥሩ የታጠፈ ካርቶን አድርጌ እኖራለሁ። ማንም ሩብ ያህል አዙሮኝ አያውቅም። ክቡርነትዎ፣ በሰው ቀንቼ አውቃለሁ፣ በቁልቋል መቅናት ግን ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየሁት በእናንተ ቸርነት ነው።

ሦስተኛ። ጎብኚ እንዲያነበው ከእሜቴ አጠገብ ያኖራችሁት የመከታተያ ደብተር በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ነው። አጭር አድርጌ ልጥቀስ፦ «ሰኞ። ዛሬ ፊቷ ትንሽ ጠቆር ብሏል። የበሩ ነፋስ ይሆናል፤ አግዳሚ ወንበሩን አስጠግቼ ከለልኩላት። ማክሰኞ። ተሽሏታል። እፎይ።» ከመቼ ወዲህ ነው ይህ ሰው እፎይ የሚለው? ባለፈው ብርድ እኔ ሦስት ቀን ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ ያለኝ ነገር «ቁርስ አለ?» ነው። ሐቁን ላለመደበቅ፣ በሁለተኛው ቀን ስነቃ ራስጌዬ ላይ መድኃኒትና አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጦ አግኝቻለሁ። አብሮት የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም። ለእሷ አንድ ደብተር፣ ለእኔ አንድ ብርጭቆ።

አራተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ እናንተ ግን በቀና ልብ ያደረጋችሁት ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ባለቤቴ ወደ እናንተ መምጣት ከጀመረ ጀምሮ ማታ ማታ እጁ በእሾህ ተሞልቶ ይመለስ ነበር። እራት ከበላን በኋላ የስፌት መኪናዬ መብራት ሥር ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ያኖራል፣ እኔም ወረንጦዬን አንስቼ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ ጸጉር የሚያካክሉት ደቃቆቹ ከገቡ ግማሽ ሰዓት። ይህን ጊዜ ባለቤቴ ይናገራል። ብዙ አይደለም፤ «ይቺ ጫፏ የታጠፈችው ከበሩ አጠገብ ካለው ናት»፣ «ይቺ ቀጥ ያለችው ከረጅሙ ናት» ይላል። እኔም ተምሬ ተምሬ እሾሁን አይቼ ባለቤቱን ማወቅ ጀምሬ ነበር። የነቀልኳቸውን መርፌ በምሰካበት ትራስ ላይ እሰካቸዋለሁ፤ እስካሁን አሉ። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ እጁን ያለ ምንም ምክንያት ይዤ ተቀምጬ አላውቅም፤ ምክንያት የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ቀልድ የለበትም።

ከዚያ ክቡርነትዎ ከአንድ ወር በፊት ለትጉህ አገልግሎቱ ሽልማት ብለው እስከ ክርን የሚደርስ የቆዳ ጓንት ሰጡት። ስፌቱን መርምሬያለሁ፤ ድርብ ነው፣ ክሩ ጠንካራ ነው፣ ምንም አይገኝለትም። በመጀመሪያው ማታ ባለቤቴ እንደ ልማዱ ተቀመጠና እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መነጽሬን አድርጌ ፈለግሁ፣ አገላበጥኩ፣ ምንም የለም። «ዛሬ የለም» አልኩት። «እንግዲህ» አለ። ተነሳና ወደ መስኮቱ ሄደ። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን አልተቀመጠም። ወረንጦው ይኸው ወር ያህል መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። የሰው እጅ እንዳይወጋ ማሰብዎ ደግነት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግነት ግን ከእሾህ ይልቅ ጠልቆ ይገባል።

አምስተኛ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ከሰዉ ተነጥዬ የተሰናዳውን ክፍል አየሁት። በመስኮቱ በኩል ነው ያየሁት፣ አልገባሁም። ልብስ ሰፊ ነኝና ዓይኔ ልክ ያውቃል፤ ወርዱ አንድ አልጋና አንድ ጠባብ ጠረጴዛ ነው፣ ከዚያ ያለፈ አይይዝም፣ የስፌት መኪና በጎኑም አይገባም። ግድግዳው አዲስ ተቀብቷል። መስኮቱ በቀጥታ የሚያየው እሜቴን ነው። «ለአንድ ሰው የሚበቃ» ብለው መጻፍዎ ትክክል ነው፤ ለእሷ ግን ከግድግዳው ማዶ ሰፊ ቦታ ተትቶላታል። እዚያ ቆሜ ከኋላዬ ባለቤቴ ሲያልፍ ሰማሁ። ባርኔጣዬን ዝቅ አደረግሁ። «ደህና ይዋሉ፣ ወይዘሮ» ብሎኝ አለፈ። ባያውቀኝ ልስቅበት ነበር የመጣሁት፤ ሳልስቅ ወጣሁ። ወይዘሮ ብሎኝ የሚያውቀው በሠርጋችን ቀን ነው።

በመሆኑም ክቡርነትዎ ከሚከተሉት አንዱን እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ። ወይ ክፍሉ በአንድ የስፌት መኪናና በአንድ ወንበር ልክ ይስፋልኝ፤ ወይ ደግሞ እኔው ራሴ ከነዋሪዎችዎ ተራ እንድመዘገብ ይደረግ። ለሁለተኛው እንዲመች መለያ ሰሌዳዬን አዘጋጅቻለሁ፦ «ልብስ ሰፊ። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት። ጥላ ቢኖርም ባይኖርም ትኖራለች። ውሃ ራሷ ትቀዳለች። እሾህ አላት፤ ሲያወሯት ግን ትለሰልሳለች። በየቅዳሜው ሩብ ያህል ብትዞር አትጠላም።» ከእሜቴ ጎን ባይሆን ደስ ይለኛል፤ ሌላ ቦታ ከሌለ ግን እችላታለሁ፣ ልማድ አለኝ።

ላጠቃልል። ከእጄ የወሰዱትን ሁሉ በሰላም እንዲጠብቁልኝ፣ ቁልቋልዎም ከእኔ በተሻለ ሁኔታ ማበቧን እንድትቀጥል እየተመኘሁ፣ ያለ እርስዎ ጥረት ባሌ ማውራት የሚችል ሰው መሆኑን ሳላውቅ እሞት የነበርኩት፣ ለዚህም ከልቤ ያመሰገንኩና ከልቤ ያዘንኩ፣

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ፣
የበጎ ፈቃደኛው የቤት ውስጥ ሕጋዊ ሚስት

ግልባጭ፦
ለልጃችን፣ አባቷን ከወንበሩ ላነሳችው
ለትኬት ሻጯ፣ ወረፋ ላስያዘችኝ
ለእሜቴ፣ ባለችበት ማሰሮ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ማክሰኞ ጽፌ ሳልልከው ሁለት ቀን አደረ፤ በመሐሉ የሆነ ነገር አለና ብደብቀው ሐሰተኛ እሆናለሁ። ማክሰኞ ማታ ባለቤቴ ሲተኛ የቀኝ እጁን ጓንት ወስጄ የአመልካች ጣቱን ስፌት ጥፍር የሚያህል ተርትሬ፣ ሥራ ላይ ሲውል እንዲፈታ አድርጌ በላላ ክር መልሼ ሰፋሁት። ንብረትዎን ስላበላሸሁ ይቅርታ አልጠይቅም። ረቡዕ ማታ ባለቤቴ ወንበር ስቦ መብራቱ ሥር ተቀመጠ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ አሥራ አንድ እሾህ ቆጠርኩ። ግን እጁ ግራው ነበር። ቀኙ ንጹሕ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሳየው ለመፈታት የሰፋሁት ስፌት አልተፈታም፣ እጄ መጥፎ ሥራ አያውቅበትም። የግራውን ጓንት ማንም አልነካውም፣ አንድ ክር አልሳሳም፤ ባለቤቴ ቀኙን አጥልቆ ግራውን ባዶ እጁን ነው እሾህ ውስጥ ሲያስገባ የዋለው። እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ወሰደብን፣ ሁሉንም ከየት ከየት እንደመጡ ነገረኝ። ከእሜቴ አንድም አልነበረም። የግራውን ጓንት ያገኘሁት ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሲሆን፣ የእርስዎ ደብዳቤ ተጠቅልሎ እስከ ጣቶቹ ድረስ ተከትቶበታል፤ የፊርማው መስመር ባዶ ነው። እንዳገኘሁት መልሼ አኖርኩት። ስለዚህ ነገ ዓርብ መልስ ካልደረሰዎ አይጨነቁ፣ ደብዳቤዎ አልጠፋም፤ እጅ በማይገባበት ጓንት ውስጥ በሙሉ ጤንነት ይገኛል።